ትልቅ ልብወለድ በስንት ቀን? የሳምንቱ ንባብና የሚቀጥለው ዕቅድ

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሐዋሳና ለአካባቢዋ የልብወለድ አንባቢያን። ያለፈው ሳምንት በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለቀ። ሰባት ቀን ፈጀ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከራት በኋላ። የሚቀጥለው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ለስሌት እንዲያመች 560 ብዬ ይዤዋለሁ። 560 ለ14 ቀን ሲካፈል በቀን 40 ገጽ ይደርሳል። አቋሜ ይህ ነው፦ ትልቅ ልብወለድ የሚጨርስ ሰው ገጹን ለቀናት አካፍሎ የዕለት ድርሻውን የማያጎድል ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ከዚያ በኋላ ምን ቢነበብ እንደሚሻልም ንገሩኝ።

የመልሶቹ ሂደት

መልሶቹ 22 ስለደረሱ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲያመች በተራ ሰብስቤያቸዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ የያዝኩት ፍሬ ነገሩን ነው። በማልስማማበት ቦታ አለመስማማቴን ጽፌያለሁ።

1ኛው መልስ በ«እርስዎ» የተጻፈና ትሕትና ያለው ነበር፤ ሐሳቡ ግን አልለዘበም። 40 ገጽ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሳያውቁ 14 ቀን ብሎ መቁረጥ ልክ ሳይወስዱ ልብስ እንደ ማሰፋት ነው አለ። የመለኪያውንም መንገድ አስቀመጠ። በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ ሁልጊዜ በሚነበብበት ሰዓትና ቦታ፣ 20 ደቂቃ ብቻ ማንበብ። የስልኩን ማንቂያ ሞልቶ ስልኩን ማራቅ፤ ሰዓት እያዩ የሚያነቡ ከሆነ ፍጥነቱ የራስ አይደለም። ማንቂያው ሲጮኽ ገጹን መቁጠር። አንዱን ቀን ንግግር በበዛበት ክፍል፣ ሌላውን ትረካ በበዛበት፣ ሦስተኛውን እንደመጣ ማድረግ። በምሳሌው 11፣ 7 እና 9 ገጽ ወጥቶ አማካዩ 9 ሆነ። በዚህ ልክ 40 ገጽ ወደ 89 ደቂቃ ይወስዳል። በቀን 40 ደቂቃ ያለው ሰው ደግሞ የሚሄደው 18 ገጽ ነው፤ 560ውን የሚጨርሰው በ32ኛው ቀን ይሆናል። ዕቅዴ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ መጽሐፉን ለካሁ እንጂ ጊዜዬን አልለካሁም ነበር።

2ኛው ያንን ተቀብሎ ስለ ቃል ቆጠራ ጨመረ። ገጽና ገጽ እኩል አይደለም፤ ፊደሉ ከደቀቀና ጠርዙ ከጠበበ አንዱ ገጽ የሌላውን አንድ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ቅጂ ሲያዝ የአሥር ሙሉ መስመር ቃላት ቆጥሮ ለአሥር ማካፈል፣ የተገኘውን በገጹ የመስመር ብዛት ማባዛት። 8 ቃል በ34 መስመር 272 ይሆናል። ቀጥሎ የተናገረው ግን ከሁሉም የጠቀመኝ ነው፦ በሌላ ቋንቋ የተሠራ «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» የሚል ሚዛን ለአማርኛ አይሆንም። «ስላልነገርኳቸው» አንድ ቃል ነው፤ ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ድርጊቱን፣ አድራጊውንና የተደረገበትን አንድ ላይ ይዟል። ሌላው ቋንቋ በአምስት በስድስት ቃል የሚበትነውን አማርኛ በአንድ ይቋጥረዋል። በዚያ ሚዛን ራሱን የለካ አማርኛ አንባቢ ቀርፋፋ ነኝ ብሎ በከንቱ ይደነግጣል።

3ኛው እኔን ደገፈ። ድርሻ ከሌለ ንባብ በስሜት ብቻ ይሄዳል፣ ስሜት ደግሞ ረቡዕ ላይ ይደክማል ባይ ነው። አጭር መልስ ነበር።

4ኛው ይዞት የመጣውን እርማት ዛሬም እየሠራሁበት ነው። ችግሩ 40 መብዛቱ ወይም ማነሱ አይደለም፤ 40ኛው ገጽ የት እንደሚወድቅ አለመታየቱ ነው። ሰዎች እየተነጋገሩ ሳለ መሐል ላይ ከተቆረጠ በነጋታው ማን ለማን እንደተናገረ ለመያዝ ሦስት አራት ገጽ ወደ ኋላ መመለስ ይመጣል። ይህ በ14 ቀን ውስጥ ከ40 ገጽ በላይ ድግግሞሽ ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ቀን ተሰረቀ ማለት ነው። መፍትሔው፦ ንባቡ ከመጀመሩ በፊት በማንበብ ሳይሆን በዓይን ብቻ መጽሐፉን ማገላበጥ፤ ምዕራፍ የሚያልቅበትን፣ ወይም በመስመሮች መካከል ክፍተት የተተወበትን ቦታ በእርሳስ በጠርዙ ላይ ነጥብ ማድረግ። ከዚያ ከ40 ጋር የሚቀራረበውን ነጥብ የዕለቱ ማረፊያ ማድረግ። አንዱ ቀን 31፣ ሌላው 52 ቢሆን አይክፋችሁ አለ። ከሰባቱ ቀን አንዱን ባዶ መተው ግዴታ ነው፤ ለእረፍት ሳይሆን ላመለጠው ቀን ማካካሻ። ባዶ ቀን የሌለው ዕቅድ አንድ ቀን ሲጎድል ጉድለቱ ወደ ነገ ይተላለፋል፤ 40 የነበረው 80 ይሆናል፤ 80ን ያየ ሰው መጽሐፉን ይዘጋል። ልብወለድ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ እንጂ ስለማይጥም አይደለም፤ በዚህ ላይ ከ4ኛው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

5ኛው ወደ መጽሐፉ ገባ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሚጀምር ሰው በርዕሱ ተስቦ ፍቅረኞቹን ከመጀመሪያው ገጽ ይፈልጋል። መጽሐፉ የሚነሣው ግን ከፍቅረኞቹ አንዱ ከሆነው ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ሰብለ ወንጌል እስክትመጣ ብዙ መንገድ አለ። እዚህ የሚቸኩል አንባቢ የስለቱን ነገር እንደ ዋዛ ያልፈዋል፤ ልጁ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው በዚያ ስለት ነው፤ በኋላ የሚመጣው ጭንቅ ሁሉ የሚታሰረው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ድርሻ በሩብ ቀንሱ፣ ከመሐል በኋላ ግን ታሪኩ ራሱ ስለሚጎትታችሁ የተቀነሰውን ታገኙታላችሁ አለ። እንግዲህ ዕቅዱ እኩል መካፈሉ ቀረ፤ መጀመሪያ ዝግ፣ ኋላ ፈጠን።

6ኛው ተቆጣ። ያላነበብነው አለን፣ ለምን ታሪኩን ታፈርሱብናላችሁ የሚል ነበር። በ5ኛው ላይ የነበረው አነጋገር ሻካራ ቢሆንም ቅሬታው ተገቢ ነው። 7ኛው የመለሰለት ርዕሱ ራሱ እስከ መቃብር እያለ ምን ምስጢር ቀረ በሚል ነው። ይህ ግን መልስ አይሆንም። መድረሻውን ማወቅና መንገዱን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ከዚያ በኋላ ታሪክ የሚገልጥ መልስ ሁሉ መጀመሪያው ላይ «ያላነበባችሁ ዝለሉ» ብሎ እንዲጀምር ተስማማን፤ የጠበቀውም ያልጠበቀውም አለ።

7ኛው በዚያው መልሱ ላይ ስለ ማዕረግ ስሞች የጻፈው ጠቃሚ ነበር። ፊታውራሪ የጦር ግንባር መሪ፣ ቀኛዝማች የቀኝ፣ ግራዝማች የግራ፣ ደጃዝማች ደግሞ የደጀ ሰፈሩ አዝማች ማለት ነው፤ ከራስ በታች ያለው ደጃዝማች ከፊታውራሪ ይበልጣል። ይህን ያልያዘ ሰው የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ዘራቸውና ስለ ክብራቸው የሚሆኑትን መሆን ትርጉሙን ያጣዋል፤ ቁጣቸው ያለ ምክንያት የመጣ ይመስለዋል።

8ኛው ከሁሉም ተግባራዊው ሳይሆን አይቀርም። ዕልባት የሚሆን ወፍራም ወረቀት፣ የገጹን ግማሽ ስፋት ያለው፣ በአንድ በኩል ስም፣ በሌላ በኩል ቦታ። ስም ሲጻፍ ሦስት ነገር ብቻ፦ መጠሪያው፣ የማን ምን እንደሆነ፣ መጀመሪያ የታየበት ገጽ። ቅጽል ስም ካለው ከጎኑ ማስገባት፤ ለምሳሌ ጉዱ ካሣና ካሣ ዳምጤ አንድ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሰው አድርጎ የያዘ አንባቢ ብዙ ገጽ በስህተት ይሄዳል። የቤተ ክህነት ትምህርት ቃላት ለብቻ፦ ዜማ፣ ቅኔ፣ ድጓ፣ አቋቋም። ቃል ባልገባ ቁጥር መዝገበ ቃላት መክፈት ግን አይመክርም። ከሥሩ በእርሳስ ማስመርና ሲጨርሱ አንድ ላይ መፈለግ ይሻላል፤ ግማሹ ከአገባቡ ራሱ ይፈታል። በየቀኑ ንባቡ ሲያልቅ ሁለት መስመር፣ ከዚያ አይብለጥ፦ ዛሬ ምን ተለወጠ፣ ማን ምን ፈለገ። በነጋታው እሷን አንብቦ መጀመር። ረጅም ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው በአምስተኛው ቀን ማስታወሻውንም ንባቡንም ይተዋል።

9ኛውና 10ኛው በዓመተ ምሕረት ተጋጩ። 9ኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1966 ነው አለ። 10ኛው በ1958 ነው ብሎ፣ ሳትጠይቁ መጻፍ ይቅርባችሁ የሚል ምክርም ጨመረ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ አንዱ በአውሮፓውያን፣ ሌላው በእኛ ነው የቆጠረው። ይህ ጠብ በየመጽሐፉ ላይ ስለሚነሣ ልኩን እዚህ ላስቀምጥ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ የአውሮፓውያን ዓመት ከተለወጠ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8። በመጽሐፉ የጀርባ ገጽ ላይ ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ. እንደሚል ማየት ነው። በዓመት ቅደም ተከተል የሚያነብ ሰው ሁለቱን ካደባለቀ ከአብዮቱ በፊት የተጻፈውን በኋላ እንደተጻፈ ያነበዋል፤ 1966 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት መሆኑ ነገሩን የባሰ ያወሳስበዋል።

11ኛው ያለፈውን ሳምንቴን አነሣ፤ ስለ «ኦሮማይ» ማንም ሳይጠይቀኝ በመቅረቱ ደስ አላለኝም ነበርና አመሰግነዋለሁ። ቃሉ በአስመራ ሰዎች አፍ የገባው ከጣልያንኛ መሆኑን፣ አበቃ፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም የሚል ስሜት እንዳለው ጻፈ። ርዕሱን በዚህ ትርጉም ይዞ ያነበበ ሰው የመጽሐፉ ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ሲሄድ ያለውን ሙቀት ከመጀመሪያው በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ሁለተኛው ነጥቡ ስለ ጥንቃቄ ነው። መጽሐፉ በ1975 ታተመ፣ ወዲያው ታገደ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ደብዛው ጠፋ። ብዙ አንባቢ ይህን እያሰበ ጸጋዬን ከበዓሉ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ በየገጹ ትንቢት ይፈልጋል። መጽሐፉ ሲጻፍ ግን ያ አልሆነም ነበር። መጀመሪያ ልብወለዱን እንደ ልብወለድ ጨርሱ፣ የደራሲውን ዕጣ ከዚያ በኋላ አስቡ አለ። ከባድ ነው፤ ሆኖም እውነቱን ነው።

12ኛው መንገደኞችን የሚመለከት ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ማንበብ ብዙ ሰው ያጥወለውለዋል፤ ዓይን የቆመ ገጽ ያያል፣ የውስጥ ጆሮ ግን መንቀሳቀሱን ያውቃል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሆድ ይታወካል። ለዚህ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» መድኃኒት ነው አለ። ማስጠንቀቂያው፦ ትረካው ሲቆም መጨረሻ የተሰማውን ዓረፍተ ነገር በስልክ መያዝና ቤት ሲደርሱ መጽሐፉ ላይ ያንን ቦታ ፈልጎ ምልክት ማድረግ። በግምት የሚቀጥል ሰው ወይ ይዘላል ወይ ይደግማል። የገጸ ባሕርያቱን ድምፅ አስቀድሞ ከወጋየሁ የሰማ አንባቢ ደግሞ በኋላ በራሱ ድምፅ ማንበብ ያቅተዋል የሚል ሐሳብ አለው፤ ስለዚህ ትረካውን ላነበባችሁት ክፍል ብቻ ተጠቀሙበት ይላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ያ ድምፅ ወደ መጽሐፉ ያመጣቸው አንባቢዎች ብዙ ናቸው።

ከዚያ የመልሶቹ ክር ወደ ሐይቁ ወረደ። 13ኛው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ስለ ማንበብ ጻፈ፤ ጠዋት ይመረጣል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ገጽ አያስይዝም፣ ሰፊ ላስቲክ በተነበበው በኩል ማሰር ይረዳል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አለፍ ብላ ስለምትጠልቅ የማታ ንባብ እዚያ ከሩብ ሰዓት በላይ አይገፋም፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚታገል ሰው የሚያነበው መስመር ይደጋገምበታል። ምግብ ከመጽሐፍ ጎን ማስቀመጥ ጦጣውን መጥራት ነው፤ ዳቦውን ሲመነትፍ ገጹንም ይዞ ይሄዳል። ከዚህ ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ ከዓሣው ወደ አባ ኮዳ ወፎቹ ተሻገረና ሊመለስ አልቻለም። አንድ ነገር ግን ከዚያ ጨዋታ ወጣ፦ በተጠበሰ የቆሮሶ ዓሣ ዘይት የተነካ ገጽ ወዲያው በእጅ መታሸት የለበትም፤ ዘይቱን ወደ ወረቀቱ ያስገባዋል። ከሥሩ ጋዜጣ አስገብቶ፣ ላዩ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሶ፣ ሌላ ጋዜጣ ደርቦ፣ ከባድ ነገር ጭኖ ማሳደር፤ ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ወደሚቀጥለው ገጽ መዛመቱን ግን ያቆማል።

14ኛው መጽሐፉን መግዛት ላልቻለ ሰው ብሎ በቴሌግራም የሚገኝ የተቃኘ (ስካን የተደረገ) ቅጂ አድራሻ አስቀመጠ። ክሩ የጋመው እዚህ ላይ ነው። 15ኛው «እርስዎ»ን ጥሎ ወደ «አንተ» ወረደ፤ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ይህ ስርቆት ነው፣ ደራሲ የሚደኸየው በእንዳንተ ዓይነቱ ነው አለ። 14ኛው በ16ኛው መልስ ተመልሶ መጣ፤ እሱም በ«አንተ»። ሐዋሳ ላይ አዟሪ ጋ የሌለ፣ መደብር ውስጥ የሌለ፣ ከታተመ ብዙ ዓመት የሆነው መጽሐፍ ከየት ይምጣ? የሚነበበው በስልክ ካልሆነ ጭራሽ አይነበብም አለ። ሁለቱ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ የማይጻፍ ነገር ስላለበት አልደግመውም።

17ኛው በረጋ ቃል ገላገላቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የገንዘብ መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ስለሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ 2046 ዓ.ም. ባለቤት አለው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ግን በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ ነው፤ ደራሲው ካረፉም ከ50 ዓመት እጅግ ያለፈ ስለሆነ ማንም በነፃ ሊያሰራጨው ይችላል። ገበያ ላይ ላልተገኘ መጽሐፍ ያለው ሕጋዊ መንገድ መዋዋስና ቤተ መጻሕፍት ነው። ለሚያውስ ሰው መያዣ ሲከፈል የመጽሐፉን ጉዳት፣ የተቀደደውንና የተጻፈበትን፣ ባለቤቱ እያየ በስልክ ፎቶ ማንሣት ሲመልሱ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል። የ16ኛው ችግር እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን የ17ኛው ነው። አድራሻው እንዲነሣ ጠይቄ 14ኛው አንሥቶታል፤ ሲያነሣም «እርስዎ» ብሎ ነው የጻፈልኝ።

18ኛው ከጠቡ ጎን ለጎን፣ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ መጽሐፍ በስልክ ለሚያነቡ ሁለት ነገር አስረዳ። የተቃኘ ገጽ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ፊደሉን ሲያሰፉት መስመሩ ከማያው ይወጣል፤ በየመስመሩ ግራ ቀኝ መጎተት ንባቡን ይገድለዋል። ስልኩን አጋድሞ ግማሽ ግማሽ ገጽ ማየት ይቀላል። ጽሑፍ የሆነ ቅጂ ከሆነ ደግሞ ስም ሲፈለግ ፊደሉ ያታልላል፤ «ካሣ» ተብሎ የተጻፈውን በ«ካሳ» ቢፈልጉት አይገኝም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ፦ አንዱ እምቢ ካለ በሌላው መሞከር ነው። ወይም ስሙን ትቶ ከአጠገቡ ያለ፣ አማራጭ ፊደል የሌለው ቃል መፈለግ።

19ኛው የሚቀጥለውን ንባብ ጠየቅኩ ብሎ ያስታወሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። የብርሃኑ ዘሪሁንን «ማዕበል» አቀረበ፤ ሦስት መጽሐፍ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ መሳት የለበትም፦ የአብዮቱ ዋዜማ፣ የአብዮቱ መባቻ፣ የአብዮቱ ማግሥት። አዟሪ ጋ ብዙ ጊዜ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም፤ መካከለኛው እጁ የገባ ሰው በዚያ እንዳይጀምር፣ የመጀመሪያው እስኪገኝ እንዲታገሥ አሳሰበ። በሦስቱ መካከል አንዳንድ ሳምንት በአጫጭር ልብወለድ ማረፍም መክሯል።

20ኛው ከዚህ ይልቅ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» መረጠ። በ1962 ዓ.ም. የወጣና አስቸጋሪ በመባል የታወቀ መጽሐፍ ነው። በቀን 40 ገጽ ብላችሁ ከገባችሁበት ትወጡበታላችሁ፣ 15 ገጽ በቂው ነው አለ፤ ምክንያቱም ክርክሩ ላይ ማን ምን እንደያዘ ካልለዩ የሚቀጥለው ገጽ ባዶ ይሆናል። ከንፈርን እያንቀሳቀሱ ማንበብ ሌላ ቦታ ፍጥነት ይቀንሳል፤ እዚህ ግን ንግግሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል። ሁለት ልብወለድ ጎን ለጎን ስለማንበብ ለሚጠይቅ ሰውም መለሰ፦ ዘመናቸውና አገራቸው የተራራቀ ከሆነ ይቻላል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከሌላ የባላባትና የካህን ዓለም መጽሐፍ ጋር ማጣመር ግን ፊታውራሪዎቹን ያቀላቅላል። «ጦቢያ» አጭር ነው ብሎ በአንድ ማታ ለመጨረስ የሚያስብ ሰውንም አስጠነቀቀ፤ የቀድሞ አጻጻፍ ነው፣ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያለበት እትም ከሆነ ዓይን እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል። ሦስት ማታ ይስጡት። ዕቅዴን በዚህ አስተካክያለሁ፦ መጀመሪያ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ5 ሳምንት፣ ከዚያ «ጦቢያ» በሦስት ማታ፣ ከዚያ «አደፍርስ»። «ማዕበል» ሦስቱ እስኪሟሉ ይቆያል።

21ኛው የመጣው በጭንቀት ነው። ከአዟሪ የገዛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከገጽ 288 ወደ 305 ይዘላል። ገጾቹ አልተቀደዱም፤ ሲጠረዝ ነው የቀሩት። 22ኛው ምክንያቱን አስረዳ። መጽሐፍ በብዛት የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ 16 ገጽ አንድ ላይ ሆኖ ነው፤ ያ ወረቀት ታጥፎ አንድ እጥፋት ይሆናል፤ እጥፋቶቹ ተደርድረው ይጠረዛሉ። አንድ እጥፋት ከተረሳ የሚጎድለው 16 ገጽ ነው፤ 289 ደግሞ ልክ የ19ኛው እጥፋት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ያገለገለ መጽሐፍ ሲገዛ ሁሉንም ገጽ መቁጠር አያስፈልግም፤ 16፣ 32፣ 48 እያሉ ከዚያ ቀጥሎ 17፣ 33፣ 49 መምጣቱን ማየት ይበቃል። መግቢያው ለብቻው በፊደል የተቆጠረ ከሆነ ድንበሩ ይገፋል፤ አንዱን መገናኛ ካገኙ በኋላ ግን ከዚያ በ16 በ16 መሄድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጎድሎ ሳይሆን ያው እጥፋት ሁለት ጊዜ ገብቶ ይገኛል፤ እሱም በዚሁ ይታያል።

ቀጥሎ የጎደለውን ከሌላ ቅጂ ለማግኘት ቁጥሩን አትመኑ አለው፤ እትሙ ከተለያየ 289 ሌላ ቦታ ነው። የገጽ 288ን የመጨረሻ ሦስት ቃልና የ305ን የመጀመሪያ ሦስት ቃል እንዲጽፍለት ጠየቀ፤ 21ኛው ጻፈ፤ 22ኛው በራሱ ቅጂ ላይ ፈልጎ አገኘው። ፎቶ አንሥቶ ለመላክ ግን በላይኛው ክርክር ምክንያት አልፈለገም፤ መጽሐፉን ይዞ እንደሚመጣ ነገረው። ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ፍቅር ሐይቅ ነው፣ ነፋሱ ሳይነሣ። 16 ገጽ በ1ኛው መልስ ልክ 36 ደቂቃ ነው።